የገምጋሚ መግቢያ ፈቃድ በእውቅና መዝገብ ሶፍትዌር
ከጋሞ ዞን የትምህርት ተቋማት ሁኔታ አንጻር የቀረበ የአሠራር ሂስ

መግቢያ

እውቅና መስጠት ምስክርነት መስጠት ነው። አንድ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ወይም አንድ ትምህርት ቤት ከተወሰነለት ደረጃ ላይ ደርሷል ወይም አልደረሰም ብሎ የሚናገር ሰው፣ የተናገረውን በዓይኑ አይቶና ከሰነድ ጋር አመሳክሮ መሆን ይኖርበታል። አበው «ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ማለታቸው ለምስክርነት ዋናው ነገር በስፍራው መገኘት መሆኑን ለማስገንዘብ ነው። በዛሬው ጊዜ ግን የገምጋሚው ስፍራ ከሁለት ተከፍሏል፤ አንደኛው የተቋሙ ግቢ ሲሆን፣ ሁለተኛው ማስረጃው የተከማቸበት የኮምፒውተር መዝገብ ነው። ስለሆነም ገምጋሚው ወደዚህ መዝገብ የሚገባው እንዴት ነው? የትኛውን ክፍል ያያል? ምንስ ለመጻፍ ይችላል? የሚሉት ጥያቄዎች ከምስክርነቱ እውነተኛነት ጋር በቀጥታ የተያያዙ ናቸው።

ይሁን እንጂ በሥራ ላይ እንደሚታየው ይህ ጉዳይ የሚታሰበው በመጨረሻው ሰዓት ነው። የውስጥ ግምገማው ሰነድ ተጽፎ፣ ማስረጃው ሁሉ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ፣ የጉብኝቱ ቀን ሲቃረብ የኮምፒውተር ባለሙያው ይጠራና «ለገምጋሚዎቹ የይለፍ ቃል አዘጋጅላቸው» ይባላል። ባለሙያው ስለ ገምጋሚዎቹ ማንነትም ሆነ ስለ ግምገማው ሥርዓት የተነገረው ነገር ስለሌለ፣ ሶፍትዌሩ ሲመጣ ይዞት የመጣውን አደላደል እንዳለ ይወስዳል። በዚህ ሁኔታ ትልቅ የትምህርት ውሳኔ ማንም ሳይወስነው ተወስኖ ያልፋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አሠራር መተቸትና የተሻለውን ማመልከት ነው። የጽሑፉም ዋና ሐሳብ ባጭሩ ሲገለጽ፣ የገምጋሚ መግቢያ ፈቃድ ራሱ የግምገማው አካል ስለሆነ፣ ማስረጃ ወደ መዝገቡ ከመግባቱ በፊት በመምህራንና በፕላን ባለሙያዎች ተመክሮበት በጽሑፍ መወሰን አለበት የሚል ነው።

1. ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር መዝገብ

በአገራችን የከፍተኛ ትምህርትን ጥራትና አግባብነት የሚመረምር ራሱን የቻለ ኤጀንሲ የተቋቋመው በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 መሠረት ነው። ኤጀንሲው የተቋማትን ጥራት ሲመረምር ከተልእኮና ከአስተዳደር ጀምሮ እስከ ውስጣዊ የጥራት ማረጋገጫ ድረስ አሥር የትኩረት መስኮችን ለይቶ ይጠቀም ነበር። የሥራው አካሄድ ተቋሙ በመጀመሪያ ራሱን ገምግሞ ሰነድ እንዲያቀርብ፣ ቀጥሎ የውጭ ገምጋሚዎች ቡድን ሰነዱን አንብቦ ተቋሙን እንዲጎበኝ፣ በመጨረሻም ሪፖርት እንዲጻፍ የሚያደርግ ነበር። ኤጀንሲው ኋላ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሲሆን፣ ሥልጣኑና ተግባሩ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 515/2014 ተደንግጓል።

በአጠቃላይ ትምህርት ረገድም የኢንስፔክሽን ማዕቀፉ 26 ስታንዳርዶችን ይዞ በሥራ ላይ ሲውል፣ ለግብዓት 25 በመቶ፣ ለሂደት 35 በመቶ፣ ለውጤት 40 በመቶ ክብደት ሰጥቶ ትምህርት ቤቶችን በአራት ደረጃዎች ይመድባል። ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ትምህርት ቤት ደረጃ 1፣ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኘ ደረጃ 4 ይባላል። አንባቢ እንደሚገነዘበው በዚህ አመዳደብ 49 ያገኘና 50 ያገኘ ትምህርት ቤት በሁለት የተለያዩ ደረጃዎች ላይ ይቀመጣሉ። የአንድ ነጥብ ልዩነት የአንድን ትምህርት ቤት ስም፣ የርእሰ መምህሩን ክብርና የወረዳውን ፕላን የሚለውጥ ከሆነ፣ ያችን ነጥብ ማን ጻፋት፣ ማንስ ሊነካት ይችላል የሚለው ጥያቄ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

በወረቀት ዘመን ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የክፍሉ አቀማመጥ ራሱ ነበር። ማስረጃው በሳጥን ፋይል ተደርጎ በአንድ ክፍል ውስጥ ይደረደራል፤ ገምጋሚው ጠረጴዛ ይዞ ይቀመጣል፤ ጸሐፊዋ የተጠየቀውን ፋይል ታቀርባለች፤ የገባና የወጣ ሰው ሁሉ ይታያል። ገምጋሚው የራሱን ነጥብ በራሱ ቅጽ ላይ በብዕር ጽፎ ይፈርማል። አሠራሩ አድካሚ ቢሆንም የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ ሳይነገር የታወቀ ነበር። በኮምፒውተር መዝገብ ግን በሩ አይታይም፤ ስለዚህ በወረቀት ዘመን ሳይጻፍ ይከበር የነበረው ሥርዓት አሁን ካልተጻፈ አይኖርም።

የእነዚህ ሶፍትዌሮች አሠራር በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው። ስታንዳርዶቹ በቅደም ተከተል ይዘረዘራሉ፤ በእያንዳንዱ ስታንዳርድ ሥር የተቋሙ መግለጫና ማስረጃዎቹ ይቀመጣሉ፤ ለአስተያየትና ለነጥብ የተለየ ሥፍራ ይዘጋጃል። ተጠቃሚዎቹም አስተባባሪ፣ ማስረጃ አቅራቢ፣ ገምጋሚ፣ የቡድን ሰብሳቢና ተመልካች በመባል በየድርሻቸው ይለያሉ። ፈቃድን ለሰው በስሙ ሳይሆን በሥራ ድርሻው የመስጠት ዘዴ ዴቪድ ፌራዮሎና ሪቻርድ ኩን የተባሉ አሜሪካውያን ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ባቀረቡት ጥናት ቅርጽ የያዘ ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1975 ጄሮም ሳልትዘርና ማይክል ሽሮደር፣ ማንኛውም ተጠቃሚ ለሥራው ከሚያስፈልገው ያነሰም የበለጠም ሥልጣን እንዳይሰጠው የሚያዝዘውን መርሕ በግልጽ አስፍረዋል። መርሑ ለኮምፒውተር የተጻፈ ቢሆንም፣ ለዳኛም፣ ለገንዘብ ያዥም፣ ለፈተና አራሚም የሚሠራ መርሕ ነው።

2. በሥራ ላይ የሚታዩ ጉድለቶች

የመጀመሪያው ጉድለት የጋራ ቁልፍ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአንድ የማሠልጠኛ ተቋም እንደተመለከተው፣ ለሦስት ገምጋሚዎች አንድ የመጠቀሚያ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ብቻ ተሰጥቷቸው ነበር። ምክንያቱ ሥራ ለማቃለል ነው ተብሏል። ከጉብኝቱ በኋላ በአንድ ስታንዳርድ ላይ የተሰጠው ነጥብ ተለውጦ ተገኘ፤ ማን እንደለወጠው ሲጠየቅ መዝገቡ የሚያሳየው አንዱን የጋራ ስም ብቻ ሆነ። ሦስቱም ገምጋሚዎች ቅን ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን ማንም ቅንነቱን በማስረጃ ለማሳየት አልቻለም። የጋራ ቁልፍ ጥፋተኛውን ብቻ ሳይሆን ንጹሑንም ሰው ይሸፍነዋል።

ሁለተኛው ጉድለት ከልክ በላይ የተከፈተ በር ነው። ለገምጋሚው የአስተባባሪውን ያህል ሥልጣን ሲሰጠው፣ ማስረጃን ማየት ብቻ ሳይሆን መለወጥም ሆነ መሰረዝ ይችላል። ያላለቁ ረቂቆችን፣ መምህራን እርስ በርሳቸው የተጻጻፉትን የውስጥ አስተያየት፣ የሠራተኛ የግል ማኅደርን፣ የተማሪዎችን ስምና ውጤት ሁሉ ያገኛል። ይህ ሲሆን መምህራኑ ድክመታቸውን በሐቅ መጻፍ ይተዋሉ። የውስጥ ግምገማ ዋጋው ተቋሙ ራሱን ያለ ፍርሃት መመርመሩ ላይ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ የረቂቅ ቃል በውጭ ሰው ዓይን ሥር ከዋለ ግምገማው ወደ ውዳሴነት ይለወጣል።

ሦስተኛው ጉድለት የዚህ ተቃራኒ የሆነው የጠበበ ወይም የዘገየ በር ነው። ገምጋሚው ማጠቃለያውን ሰነድ ብቻ እንዲያይ ይፈቀድለትና ከሥሩ ያለው ማስረጃ ይዘጋበታል። ወይም ቁልፉ የሚደርሰው ለጉብኝቱ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። በሁለት ቀን ውስጥ የአንድን ኮሌጅ የሥርዓተ ትምህርት ሰነዶች፣ የተግባር ልምምድ መዛግብትና የፈተና ጥያቄዎች አንብቦ መጨረስ ስለማይቻል፣ ገምጋሚው የሚመሰክረው ባየው ላይ ሳይሆን በተነገረው ላይ ይሆናል። ተቋሙ በርግጥ አልከለከለውም፤ ግን አላስገባውምም።

አራተኛው ጉድለት ረቀቅ ያለ ስለሆነ ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። ብዙ ሶፍትዌሮች ካልተከለከሉ በስተቀር የእያንዳንዱን ገምጋሚ ነጥብ ለሌሎቹ ወዲያውኑ ያሳያሉ። ሰብሳቢው ቀድሞ 3 ከጻፈ፣ ወጣቱ ገምጋሚ 2 ለመጻፍ አሳብ የነበረው ቢሆን እንኳ እጁ ይከብደዋል። በእኛ ባህል ታላቅን ማክበር ግዴታ በመሆኑ ይህ ተጽዕኖ ከሌላው አገር የበረታ እንጂ ያነሰ አይሆንም። ውጤቱ ስምምነት ይመስላል፤ በርግጥ ግን የአንድ ሰው ነጥብ ሦስት ጊዜ ተጽፎ ነው። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚባለው ሁለቱ በየራሳቸው ሲያስቡ ብቻ ነው።

3. ከታሪካችን የሚገኝ ትምህርት

ከላይ የተነገሩት ጉድለቶች ከኮምፒውተር ጋር የመጡ አይደሉም። በትምህርት ታሪካችን ውስጥ ሰነድን ለማን እናሳይ፣ መቼስ እናሳይ በሚለው ጥያቄ ላይ የተፈጸመ ስሕተት ከባድ ዋጋ ያስከፈለባቸው ሁለት አጋጣሚዎች አሉ። ሁለቱም ስለ እውቅና አይደሉም፤ ቢሆንም ጥያቄው አንድ ነው።

የመጀመሪያው የትምህርት ሴክተር ሪቪው በመባል የሚታወቀው ጥናት ነው። በ1964 ዓ.ም. በአገር ውስጥና በውጭ ባለሙያዎች የተካሄደው ይህ ጥናት የመላ አገሪቱን የትምህርት ሥርዓት የሚመለከት ነበር። ይሁን እንጂ ጥናቱ ከተጠናቀቀ በኋላ ለመምህራንና ለወላጆች ሳይገለጽ ቆየ። በ1966 ዓ.ም. ይዘቱ ይፋ ሲሆን የተነበበው በጥርጣሬ ነበር። መምህራን በየካቲት ወር 1966 ዓ.ም. አድማ ሲመቱ ከተቃውሟቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ይኸው ጥናት ሆነ፤ መንግሥትም ተግባራዊነቱን ለመተው ተገደደ። በጥናቱ ውስጥ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ለማስፋፋት የቀረቡ ጠቃሚ ሐሳቦች ነበሩበት። እነዚያ ሐሳቦች ተመርምረው ከመጣል ይልቅ ሳይመረመሩ ተጣሉ። በክፍል ውስጥ የሚያስተምረው ሰው ረቂቁን በወቅቱ አንብቦ ሐሳቡን የሚጽፍበት መንገድ ስላልነበረው፣ ሐሳቡን የገለጸው በአደባባይ ነው።

ሁለተኛው ለአርባ ምንጭ የቀረበ ነው። የዛሬው ጋሞ ዞን በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር፣ አርባ ምንጭም የዚያ ዞን ዋና ከተማ በነበሩበት ጊዜ፣ ወላይትኛን፣ ጋሞኛን፣ ጎፍኛንና ዳውሮኛን በአንድ የጽሑፍ ቋንቋ ለማዋሐድ ታስቦ «ወጋጎዳ» የተባለ ስም ተሰጥቶት የመማሪያ መጻሕፍት ታተሙ። መጻሕፍቱ በ1992 ዓ.ም. ወደ ትምህርት ቤቶች ሲደርሱ በተለይ በሶዶ ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በመጨረሻም መጻሕፍቱ ተሰብስበው ለየቋንቋው የተለየ መጽሐፍ ማዘጋጀት ግድ ሆነ። አራቱ ቋንቋዎች ምን ያህል ይቀራረባሉ የሚለው የቋንቋ ሊቃውንት ጥያቄ ነው። የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያ የሚያነሣው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ እነዚህ መጻሕፍት ከመታተማቸው በፊት በመጽሐፉ የሚያስተምረው መምህር፣ ልጁን የሚልከው ወላጅ፣ የቋንቋው አዋቂ ሽማግሌ በገምጋሚነት ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ፣ ቅሬታው በመጻሕፍቱ ዳር ላይ ይጻፍ ነበር። ሳይቀመጡ ስለቀሩ በመንገድ ላይ ተገለጸ።

ከሁለቱ አጋጣሚዎች የሚገኘው ትምህርት ሁሉን ነገር ለሁሉም ሰው መክፈት ይገባል የሚል አይደለም። መግባት የሚገባው ሰው በሚገባው ጊዜ ካልገባ፣ ከጊዜው በኋላ በማይጠበቅ በር ይገባል የሚል ነው።

4. የመግቢያ ፈቃድ ሊመልሳቸው የሚገቡ አራት ጥያቄዎች

ማንኛውም ተቋም ሶፍትዌሩን ከመክፈቱ በፊት በአንድ ገጽ ወረቀት ላይ አራት ጥያቄዎችን መልሶ መፈረም ይኖርበታል።

ሀ. ማን ይገባል? እያንዳንዱ ገምጋሚ በራሱ ስም የተለየ መለያ ሊሰጠው ይገባል። መለያው ከመከፈቱ በፊት ገምጋሚው ከተቋሙ ጋር የሥጋ ዝምድና፣ የቀድሞ ቅጥር፣ የገንዘብ ወይም ሌላ ጥቅም እንደሌለው በጽሑፍ ያረጋግጥ። ቁልፉን የሚሰጠውም ሰው ከሚገመገመው ክፍል ውጪ ቢሆን ይመረጣል። ተገምጋሚው ለገምጋሚው ቁልፍ ሰጪ በሆነበት ስፍራ ሁሉ፣ ቁልፍ የመንሣትም ሥልጣን በእጁ መሆኑ አይቀርም።

ለ. ምን ያያል? ገምጋሚው የተጠናቀቀውን የውስጥ ግምገማ ሰነድና በእያንዳንዱ ስታንዳርድ ሥር የቀረበውን ማስረጃ በሙሉ ማየት አለበት። ረቂቆችና የውስጥ ልውውጦች ግን ከዚህ ውጪ ናቸው። የተማሪ ውጤት ለማስረጃነት ሲቀርብ ስሙ ተሰርዞ በመለያ ቁጥር ይተካ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ ለታወቀ ዓላማና በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲያገለግል ስለሚያዝዝ፣ ይህ ጥንቃቄ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ግዴታ ሆኗል። የሠራተኛ የግል ማኅደር ማየት ቢያስፈልግ፣ በጉብኝቱ ዕለት ኃላፊው ባለበት በወረቀት ማየት ይበቃል።

ሐ. መቼ ይገባል፣ መቼስ ይወጣል? ፈቃዱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ሊኖረው ይገባል። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ከጉብኝቱ በፊት ለንባብ ቢያንስ አራት ሳምንት ያስፈልጋል። ንባቡ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ ማስረጃው መቆለፍ አለበት፤ አዲስ ማስረጃ ቢገኝ የገባበት ቀን ተጽፎበት በተለየ ስፍራ ይቀመጥ እንጂ በአሮጌው ላይ አይተካ። ገምጋሚው ትናንት ያነበበው ገጽ ዛሬ ተለውጦ ቢገኝ፣ ነጥቡ በየትኛው ላይ እንደተሰጠ ማንም ሊናገር አይችልም። የመጨረሻው ሪፖርት ሲጸድቅ ፈቃዱ በዚያው ዕለት ይዘጋ። ካለፈው ዙር ግምገማ የቀረ ክፍት መለያ፣ ሥራውን የለቀቀ ጥበቃ ይዞት የሄደውን ቁልፍ ያህል አሳሳቢ ነው።

መ. በምን ሥልጣን ይገባል? ማየት፣ አስተያየት መጻፍ፣ ነጥብ መስጠት፣ ማስተካከልና መሰረዝ አምስት የተለያዩ ሥልጣኖች ናቸው። ገምጋሚው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ብቻ ይያዝ፤ ማስረጃን ማስተካከልና መሰረዝ የእርሱ አይደሉም። እያንዳንዱ ገምጋሚ ነጥቡን አጠናቆ እስኪያስረክብ ድረስ የሌሎቹን አይመልከት። ሁሉም ካስረከቡ በኋላ ነጥቦቹ በአንድነት ተገልጠው ውይይት ይደረግ። በውይይቱ አሳቡን የለወጠ ሰው ነጥቡን መለወጥ ይችላል፤ ግን የመጀመሪያው ነጥብና የለውጡ ምክንያት በመዝገቡ ይቆዩ። ሰብሳቢው የቡድኑን ውሳኔ ያስገባል እንጂ የጓደኞቹን ነጥብ አይነካም።

እነዚህ አራቱ መልሶች ከተጻፉ በኋላ የኮምፒውተር ባለሙያው ሥራ ይጀምራል። ባለሙያው በሶፍትዌሩ ውስጥ የገምጋሚነትን ድርሻ ከፍቶ፣ ለድርሻው የተፈቀደውን ሥልጣን አስገብቶ፣ ቀኑን ወስኖ፣ ሰዎቹን በድርሻው ሥር ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ የሚቀር አንድ ተግባር አለ፤ እርሱም ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው። አስተባባሪው ለሙከራ በተከፈተ የገምጋሚ መለያ ገብቶ፣ መታየት የሚገባው ሁሉ መታየቱን፣ መዘጋት የሚገባው ሁሉ መዘጋቱን በዓይኑ ያረጋግጥ። በራሱ መለያ ሆኖ ቢመለከት ሁሉም ነገር ክፍት ሆኖ ስለሚታየው ምንም አያውቅም።

5. የጋሞ ዞን ሁኔታ የሚጠይቀው ጥንቃቄ

ከላይ የተዘረዘረው ለየትኛውም አካባቢ የሚያገለግል ነው። በጋሞ ዞን በተለይ ሦስት ነገሮች መታሰብ አለባቸው።

የመጀመሪያው የመሬቱ አቀማመጥ ነው። አርባ ምንጭ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ስትገኝ፣ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው ጨንቻ ግን በደጋው አናት ላይ ናት። የዲታ፣ የቦንኬና የሌሎች ደጋማ ወረዳዎች ትምህርት ቤቶች የኤሌክትሪክና የኔትዎርክ መቆራረጥ ሲያጋጥማቸው፣ በከተማ የተቀመጠ ገምጋሚ «ማስረጃ አላቀረቡም» ብሎ ዜሮ ሊሰጣቸው አይገባም። ማስረጃው ያልተጫነው ስለሌለ ነው ወይስ መስመር ስላልነበረ? ሶፍትዌሩ ይህን አይለይም፤ የሚለየው ሰው ነው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እንደተባለው፣ ንባቡ በሚጀመርበት ቀን የተቆለፈው ማስረጃ በሙሉ ወደ ፍላሽ ዲስክ ተገልብጦ፣ ገልባጩና ተረካቢው ፈርመውበት፣ መስመር ለማያገኘው ገምጋሚ ይሰጥ። የወረቀት የነጥብ ቅጽም ተዘጋጅቶ ይቀመጥ።

ሁለተኛው የሰዎች መቀራረብ ነው። በአንድ ወረዳ ውስጥ ኢንስፔክተሩ፣ ሱፐርቫይዘሩና ርእሰ መምህሩ ብዙ ጊዜ አብረው የተማሩ፣ በጋብቻ ወይም በአበልጅነት የተሳሰሩ፣ በአንድ ዕድር የሚገኙ ናቸው። ይህ መቀራረብ ለማኅበራዊ ኑሮ በረከት ሲሆን ለግምገማ ግን ፈተና ነው። መድኃኒቱ ሰውን መጠርጠር አይደለም። የጨንቻ ገምጋሚ የቁጫን፣ የቁጫው የምዕራብ አባያን፣ የምዕራብ አባያው የጨንቻን እንዲያይ ድልድሉ ቢሠራና ሶፍትዌሩ ገምጋሚው የራሱን ወረዳ መዝገብ እንዳይከፍት ቢደረግ፣ ሰውየው ከዘመዱ ጋር ሳይቀያየም ሐቁን ለመጻፍ ይችላል። እዚህ ላይ የተዘጋ በር ገምጋሚውን ራሱን ይጠብቀዋል።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ታችኛ ክፍሎች በጋሞኛ የተዘጋጀ የትምህርት ዕቅድና የፈተና ወረቀት በማስረጃነት ሲቀርብ፣ ቋንቋውን የማያነብ ገምጋሚ የሚያየው ወረቀቱ መኖሩን ብቻ ነው። ወረቀቱ መኖሩ የግብዓት ጥያቄ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ትምህርት ግን 35 በመቶ ክብደት ያለው የሂደት ጥያቄ ነው። ስለዚህ ቡድኑ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጋሞኛ የሚያነብ ገምጋሚ ተመድቦ፣ እነዚያ ማስረጃዎች በስሙ እንዲከፈቱለት ሊደረግ ይገባል። በዘይሴ ማኅበረሰብ መካከል ለሚገኙ ትምህርት ቤቶችም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የአካባቢው ሕዝብ ራሱ ያቆየው አንድ ልማድ ሊታሰብ ይገባዋል። በጋሞ ደጋ ጉዳይ የሚመከረው «ዱቡሻ» በሚባለው የተከበረ የመሰብሰቢያ ስፍራ ነው። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ማርክ አቤሌስ በአርባ ምንጭ አቅራቢያ በሚገኘው በኦቾሎ ያጠናውን የዚህን ሸንጎ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1983 በመጽሐፍ አሳትሞታል። ዱቡሻ ክፍት አደባባይ ነው፤ ቢሆንም ሥርዓት አልባ አይደለም። የሚናገር ሰው ተነሥቶ፣ ማንነቱ እየታየ፣ በተራው ይናገራል፤ የተናገረውንም ጉባኤው ይሰማዋል። ግልጽነትና ሥርዓት አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ለማስረዳት የጋሞ መምህር ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አያስፈልገውም።

6. ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንዳንድ የሥራ ኃላፊዎች ይህ ሁሉ ዝርዝር ለአንድ ትንሽ ኮሌጅ ወይም ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ከባድ ነው ሊሉ ይችላሉ። ሥራው በርግጥ ጊዜ ይወስዳል። ነገር ግን አራቱ ጥያቄዎች በአንድ ገጽ የሚያልቁ ናቸው፤ ለአምስት ገምጋሚዎች የተለየ መለያ ማዘጋጀትም የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። አንድ የተከራከሩበትን ነጥብ እንደገና ለማጣራት ቡድን ከሶዶ ወይም ከአዲስ አበባ ለማስመጣት የሚወጣው አበልና ነዳጅ ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

ሌሎች ደግሞ ከዚህ የጠነከረ ተቃውሞ ያነሣሉ። ይኸውም የእያንዳንዱ ገምጋሚ ነጥብ በስሙ ከተመዘገበ፣ ነገ ተገምጋሚው ወይም የበላይ ባለሥልጣን እየጠራ ሊያስጨንቀው ይችላል፤ ስለዚህ የጋራው ስም ይሻላል የሚል ነው። ይህ ሥጋት መሠረት የሌለው አይደለም። ይሁን እንጂ መፍትሔው መዝገቡን ማጥፋት ሳይሆን መዝገቡን ማን ያያል የሚለውን መወሰን ነው። ለተቋሙ የሚገለጸው የቡድኑ የጋራ ውሳኔና ምክንያቱ ይሁን፤ በየስሙ የተጻፈው ነጥብ ግን በቡድኑና በእውቅና ሰጪው አካል ዘንድ ብቻ ይጠበቅ፤ አቤቱታ ሲቀርብ በሥርዓት ይታይ። የአውሮፓ የከፍተኛ ትምህርት ጥራት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 ተሻሽሎ ሲወጣ ሙሉው የግምገማ ሪፖርት እንዲታተም፣ በውጭ ገምጋሚዎች ቡድንም ውስጥ ተማሪ እንዲኖር ደንግጓል። በዚህ ሥርዓት የሚታተመው የቡድኑ ሪፖርት እንጂ የየገምጋሚው የግል ነጥብ አይደለም።

ተማሪን በገምጋሚነት የማስገባቱ ሐሳብ በእኛ ዘንድ ገና ብዙ ውይይት ይጠይቃል። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት በየትምህርት ቤቱ ባለበት አገር ግን ሐሳቡ እንግዳ ሊሆን አይገባውም። ቢያንስ የኅብረቱ ተወካይ በተመልካችነት ድርሻ የተጠናቀቀውን የውስጥ ግምገማ ሰነድ አንብቦ አስተያየት የሚጽፍበት ስፍራ ቢከፈትለት፣ በ1966 እና በ1992 ዓ.ም. የታጣው መንገድ በትንሹም ቢሆን ይኖራል።

ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንደተሞከረው፣ በእውቅና መዝገብ ሶፍትዌር ውስጥ ለገምጋሚ የሚሰጠው የመግቢያ ፈቃድ የይለፍ ቃል ማደል አይደለም። የምስክሩን መቀመጫ ማዘጋጀት ነው። መቀመጫው የጋራ ከሆነ ምስክሩ አይታወቅም፤ ከልክ በላይ ከሰፋ ተመስካሪው ይፈራል፤ ከጠበበ ወይም ከዘገየ ምስክርነቱ ባዶ ይሆናል፤ የሰብሳቢው ነጥብ አስቀድሞ ከታየ ደግሞ ምስክሮቹ ብዙ ሆነው ቃላቸው የአንድ ሰው ይሆናል።

ስለሆነም ሦስት ነገሮች እንዲፈጸሙ ይህ ጽሑፍ ያሳስባል። አንደኛ፣ ኮሌጆችና የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ማስረጃ መሰብሰብ ከመጀመራቸው በፊት ማን፣ ምን፣ መቼ፣ በምን ሥልጣን የሚሉትን አራት ጥያቄዎች በጽሑፍ ይመልሱ። ሁለተኛ፣ በዞንና በክልል ደረጃ ያሉ ፕላን አውጪዎች ሶፍትዌር ሲገዙ ወይም ሲያሠሩ፣ የገምጋሚዎች ነጥብ እስኪያስረክቡ ድረስ የሚሸፈንበት፣ ማስረጃ የሚቆለፍበትና ወደ ፍላሽ ዲስክ የሚገለበጥበት፣ እያንዳንዱ ለውጥ በስምና በሰዓት የሚመዘገብበት መንገድ መኖሩን በውሉ ውስጥ ያስገቡ። ሦስተኛ፣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጆች ለነገዎቹ መምህራንና ርእሳነ መምህራን ስለ ግምገማ ሲያስተምሩ፣ ነጥብ አሰጣጥን ብቻ ሳይሆን ማስረጃ እንዴት እንደሚጠበቅና ለማን እንደሚከፈት ያስተምሩ።

በቦንኬ ተራራ ላይ ያለው ትምህርት ቤት ደረጃ 1 ቢባልም ደረጃ 3 ቢባል፣ መምህራኑ ሊጠይቁት የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይህን የጻፈው ሰው ሥራችንን አይቶታል ወይ? መዝገቡ ለዚህ ጥያቄ በስም፣ በቀንና በገጽ መልስ ከሰጠ፣ ዝቅተኛውን ነጥብ እንኳ በጸጋ ተቀብለው ለማሻሻል ይነሣሉ።